ልጄ መቼ ትመጣለች?

ጥቅምት 3

ለምወድሽ ልጄ፣ ለጥርስ ሠሪዋ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ የሠራሽልኝ ጥርሶችም ደህና ናቸው። ከእኔ ይልቅ ለእነሱ እንደምትጨነቂ ስለማውቅ ነው አስቀድሜ የነገርኩሽ። የላይኛው አሁን አይወልቅም። የታችኛው ግን "ሰ" ያለበት ቃል ላይ ስደርስ ያፏጫል። የገዳሙ ወንድሞች በጸሎት መሀል አንገታቸውን ደፍተው ይስቁብኛል። አንቺ ይህን ስትሰሚ ሥራዬ ተበላሸ ብለሽ ታዝኛለሽ፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። እዚህ ቤት ሳቅ በዝቶብን አያውቅም።

ወደ ደብዳቤሽ ልምጣ። ጥርሶቹን አስተካክለሽ የላክሽልኝ ጊዜ፣ ከአጠባበቁ መመሪያ ግርጌ በእርሳስ "ይጸልዩልኝ" ብለሽ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ብዬ ብጽፍልሽ "ደህና ነኝ" አልሽ። እንደገና ብጠይቅሽ እንደገና "ደህና ነኝ" አልሽ። አሁን ግን እውነቱን ነገርሽኝ። እናትሽ እንደማያውቁሽ፣ በአንድ ጣራ ሥር እየኖራችሁ እንደ ባዳ እንደሚያዩሽ ሳነብ የያዝኩትን ወስፌ አስቀመጥኩ። የአንድ ወንድም ጫማ ግማሽ ሶሉ ተንጠልጥሎ እስከ ማታ ጠበቀኝ። እሱም ባዶ እግሩን ጠበቀኝ።

"ስብከት እንዳይልኩልኝ፣ የሚያጽናኑኝ ሰዎች ሰልችተውኛል" ብለሻል። እሺ፣ ስብከት የለም። ደግሞም ለስብከት የተመረጡ ሌሎች አባቶች አሉን፤ እኔን ጫማ ላይ ያስቀመጡኝ ወድደው መሰለሽ? ጓደኛ ከሆነ የቸገረሽ ግን እነሆኝ። እኔና አንቺ የሙያ ዘመዳሞች ነን፤ አንቺ ሰውን ከላይ ታበጂዋለሽ፣ እኔ ከታች። ሁለታችንም ልኩን ከሳትን ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ያማርራል።

ስለዚህ ሳታሳጥሪ ጻፊልኝ። እናትሽ ምን ይሉሻል? አንቺስ ምን ትመልሻለሽ?

ጫማ ሰፊው

*

ጥቅምት 15

ይድረስ ለአባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? "ሰ" ላይ የሚያፏጨው የፊተኞቹ ጥርሶች ለምላስዎ ቦታ ስላጣበቡበት ነው። ከውስጥ በኩል ትንሽ ማሳሳት ይበቃል። ራስዎ በጫማ ሞረድ እንዳይሞክሩት! ሊሞክሩት እንዳሰቡ ስለማውቅ ነው።

እናቴ ምን እንደምትለኝ ጠይቀውኛል። ጠዋት ጠዋት ደህና ነን። ሳለብሳት ታመሰግነኛለች። "እጅሽ ለስላሳ ነው፤ ማን ቀጠረሽ?" ትለኛለች። ጡረታ እስክትወጣ የስልክ አገናኝ ነበረች፤ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። አሁንም ማበጠሪያም ሆነ ማንኪያ ያገኘችውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ "ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎት?" ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ያስቀኝ ነበር።

የሚከፋው ከሰዓት በኋላ ነው። መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ትልና መንገዱን ታያለች። ከዚያ ዞር ብላ "ልጄ መቼ ትመጣለች?" ትለኛለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ! "እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ" እላታለሁ። ከላይ እስከ ታች ታየኝና "አንቺማ ሠራተኛዋ ነሽ" ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት እልህ ያዘኝና የትምህርት ቤት ፎቶዬን አምጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። "እይኝ፤ ይቺ እኔ ነኝ" አልኳት። ፎቶውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችና "ልጄን ምን አድርገሻት ነው?" ብላ ጮኸች። ጎረቤታችን፣ ጡረተኛዋ ነርስ፣ ሮጣ መጣች። እማዬ እሷ ላይ ተጠምጥማ "ይቺን ሴትዮ አስወጪልኝ" አለቻት።

እኔም ወጣሁላት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ልጨምርልዎት። እናቴ ጤነኛ ሳለችም ለእኔ ቀላል ሰው አልነበረችም። ታላቅ ወንድሜ ሲደውል ድምጿ ይለሰልሳል፤ ለእኔ ግን ሁልጊዜ የሚነገረኝ የጎደለኝ ነገር ነው። ፀጉሬ፣ አካሄዴ፣ አለማግባቴ። "ጎበዝ" የምትለዋ ቃል ከአፏ ወጥታልኝ አታውቅም። ግድ የለም፣ አንድ ቀን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን እያልኩ ስጠብቅ ኖርኩ። አሁን ማንን ልጠብቅ? ልነጋገራት የነበረችው ሴት ሳትሰናበተኝ ሄደች።

ሥራዬም ተበላሽቷል። ትናንት ጥርሶቹን ሰሙ ላይ ስደረድር የግራውን ጎን በቀኝ ደርድሬ ጨረስኩ። አለቃዬ አየውና ራሱ ቁጭ ብሎ አስተካከለው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ ከሚኖርበት ከተማ ይደውላል። "አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እናስገባት፤ አንቺም ሰው ሁኚ" ይለኛል። "እኔ በሕይወት እያለሁ?" ብዬ ጮህኩበት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎት፣ ትከሻዬ ቀለል አለኝ። እሷ በሌለችበት ቤት ውስጥ ስተኛ ታየኝ። ያ ቅለት ነው ያስፈራኝ። እናትን አሳልፎ መስጠት ኃጢአት ነው? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

ጥርስ ሠሪዋ

*

ጥቅምት 24

ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለእናትሽ። ስለ ሞረዱ የጻፍሽው ሲደርሰኝ ሞረዱ እጄ ላይ ነበር። ቦታው መልሼዋለሁ።

ያን ፎቶ እባክሽ ሰብስበሽ አስቀምጪው። "እኔ ነኝ" ማለቱንም ለጥቂት ጊዜ ተዪው። ዋሺ ማለቴ አይደለም። ሠራተኛዋ ነሽ ሲሉሽ ደግሞስ ምን ተሳሳቱ? የምታጥባቸው ማን ናት? የምታበላቸውስ? ስምሽ ጠፍቶባቸው ይሆናል እንጂ እጅሽን አመስግነዋል።

እዚህ እንግዳ ማረፊያ አለን። ከሩቅ በእግሩ የመጣ ሰው ሲተኛ ጫማውን ከበሩ ሥር አነሣና ሰፍቼ መልሼ አስቀምጥለታለሁ። ማን እንደሰፋው አያውቅም። ጀማሪ ሳለሁ ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። እንግዳው ጠዋት ጫማውን አጥልቆ እኔን ዘልሎ ለእንግዳ ተቀባዩ አባት "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ለአንድ ሽማግሌ አባት በምሬት ስነግራቸው፣ "እግሩ ሞቀው ወይስ አልሞቀውም?" አሉኝ። "ሞቆታል" አልኩ። "ታዲያ ከአንተ ጋር ነው እኮ የሄደው" አሉኝ። የዚያን ዕለት አልገባኝም፤ እንዲያውም አናደዱኝ። ሲውል ሲያድር ግን ሳይታወቁ መውደድ ምን እንደሆነ ትንሽ ትንሽ ለመድኩት። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልቻልኩበትም።

ይኸው ስብከት ሆነ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አቆምኩ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። "ልጄ መቼ ትመጣለች?" ሲሉሽ ሌላ ጥያቄ ጠይቂያቸው። "ልጅዎ ምን ዓይነት ሰው ናት?" በያቸው። ቁጭ ብዬ ልነጋገራት እጠብቅ ነበር ያልሻት ሴት ሙሉ በሙሉ የሄደች አይመስለኝም። መልሱን መስማት እንደሚያስፈራሽ አውቃለሁ። አታስገድጂው፤ ጥፍራቸውን ስትቆርጪ ወይ ስታበጥሪያቸው፣ እጅሽ ሥራ ላይ እያለ ይሁን።

የአንቺው

*

ኅዳር 11

አባቴ፣

ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ። ከዚያም አልፎ ጭራሽ ልተው ነበር። የጠየቅኩዎትን ሳይመልሱ ያልጠየቅኩዎትን መከሩኝ። ኃጢአት ነው ወይ አልኩ፤ እርስዎ ስለ እንግዳ ጫማ ጻፉልኝ።

አልጠየቅኳትም። ፊት ለፊት ቁጭ ብላ "ልጄ ሰነፍ ናት" ብትለኝ ምን ይውጠኛል?

ደግሞም ጊዜ አልነበረም። እማዬ ጠፍታብን ነበር። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ቀን ቀን የምትጠብቅልኝ ጎረቤታችን ነርሷ ልብስ ልታሰጣ ሰገነቱ ላይ ወጥታ ስትመለስ በሩ ክፍት ነው። ቀኑን ሙሉ ፈለግናት። ከአንድ ፖሊስ ጣቢያ ወደ ሌላው ስዞር ምን ምን እንዳሰብኩ አይጠይቁኝ። በመጨረሻ ያገኘናት ድሮ ትሠራበት የነበረው ሕንፃ ውስጥ ነው። አሁን ልብስ መደብር ሆኗል። መለኪያ ክፍሉ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የልብስ መስቀያ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ልብስ ሊለካ ለሚመጣው ሰው ሁሉ "መስመሩ ተይዟል፤ ትንሽ ይጠብቁ" ትላለች። ሻጮቹ ጥሩ ልጆች ናቸው። ውሃ ሰጥተዋታል፣ ትከሻዋ ላይ አዲስ ሹራብ ጣል አድርገውላታል። አንዷ "እማማ ማንንም አላስቸገሩም፤ ሁሉንም አገናኝተዋል" አለችኝ። አቅፌ ያዝኳት፤ ያቺን የማላውቃትን ልጅ።

ወንድሜ በማግስቱ ገባ። እማዬ በሩ ላይ አየችውና "ልጄ!" ብላ እጇን ዘረጋች። በስሙ ጠራችው፣ አባቴ። ዓመት ሙሉ ያላያትን ሰው በስሙ ጠራችው። እኔ ከኋላ ሻንጣውን ይዤ ቆሜያለሁ። "ለልጄ ወንበር አቅርቢለት እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ?" አለችኝ። ቀናሁ። ለእርስዎ መዋሸት ምን ያደርግልኛል? በጣም ቀናሁ።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ማታ ማጀት ገብቶ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። አንድ የአረጋውያን ቤት አግኝቷል፤ እሺ ወይም እምቢ በይኝ ብሎ የሚመጣው ወር እስኪያልቅ ጊዜ ሰጥቶኝ ተመለሰ።

ከእንግዲህ አይጻፉልኝ ልልዎት ብዕር አንሥቼ ነበር። ግን "እንዴት ነሽ?" ብሎ ጠይቆ መልሱን ቆሞ የሚሰማኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ ይጻፉ። የጠየቅኩዎትንም ይመልሱ።

ጥርስ ሠሪዋ

*

ታኅሣሥ 2

ለልጄ፣

የዘገየሁት ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ። ትንሽ አሞኝ ተኝቼ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል፤ እሱን ተዪው። ጽሕፈቴ ቢጣመምብሽ አልጋ ላይ ሆኜ ስለምጽፍ ነው።

ልክ ነሽ፤ ጥያቄሽን ዘልዬዋለሁ። የዘለልኩት ቀላል ስለመሰለኝ ነው፤ ለአንቺ ቀላል እንዳልሆነ ግን ማየት ነበረብኝ። አሁን በቀጥታ ልመልስልሽ። ኃጢአት አይደለም። ቀለል ያለሽ እናትሽን ስለጠላሽ ሳይሆን ስለደከመሽ ነው። ሸክም የያዘ ሰው ከሩቅ አግዳሚ ወንበር ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ይህን ኃጢአት የሚል መጽሐፍ አላነበብኩም። ብዙ አንብቤያለሁ እያልኩሽ አይደለም።

በወንድምሽ መቅናትሽንም ሌላ ሰው ላይ አታውጪው፤ እዚህ አምጪው። እኔ ልያዝልሽ። ከቅናትሽ ጋር ጓደኛዬ ነሽ።

እሺ በይው፣ እምቢ በይው አልልሽም። እኔ እዚህ በሰላም ተኝቼ፣ የሰው እናት የት ትደር ብዬ ብወስን ነውር ነው። መልስ ከመስጠትሽ በፊት ግን አንድ ቀን ሙሉ ተኚ። ነርሷ እናትሽ ዘንድ እንድትውል ለምኛት፣ አንቺ እሷ ቤት ሄደሽ ተኚ። የደከመ ሰው ሲወስን ድካሙ ነው የሚወስንለት። ከዚያ ያሻሽን በይው። የወደድኩሽ ውሳኔሽን አይቼ ስላልሆነ፣ በውሳኔሽም ከፍቅሬ የሚጎድል ነገር የለም።

ጠዋት ጠዋት ለእናትሽና ለአንቺ እጸልያለሁ። ስምሽ ላይ ስደርስ ጥርሴ ያፏጫል። አሁን ወንድሞች ሁሉ ተራሽ መድረሱን በፉጨቱ ያውቃሉ፤ አብረው "አሜን" ይላሉ። በዚህ ዓይነት እንደ አንቺ የተጸለየለት ሰው የለም።

እንደገና ልለምንሽ፤ ጠይቂያቸው።

የአንቺው

*

ታኅሣሥ 13

ይድረስ ለአባቴ፣

ተኛሁ። እንዳሉኝ ነርሷ ቤት፣ መጋረጃ ዘግቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ። ስነቃ ሌላ ሰው አልሆንኩም፤ ግን ረሃብ ተሰማኝ። ረሃብ ከተሰማኝ ቆይቶ ነበር።

ጠየቅኳትም።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጥፍሯን እየቆረጥኩላት ነበር። እንደ ልማዷ "ልጄ መቼ ትመጣለች?" አለች። "እኔ..." ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት።

"ሥራ ላይ ናት፣ እትዬ" አልኳት። እናቴን እትዬ ስላት የመጀመሪያዬ ነው። ቃሉ ለሌላ ሰው የተሠራ ጥርስ ይመስል አፌ ውስጥ አልገጥም አለኝ።

"አዎ፤ ሥራ ትወዳለች" አለችኝ።

"ልጅዎ ምን ዓይነት ሰው ናት?"

አሰበች። ጥፍሩ የተቆረጠላትን ጣት ወደ ብርሃኑ አነሣችና አየችው።

"ኮስታራ ናት" አለችኝ። "እኔን ናት። አባቷን ብትሆን ይሻላት ነበር፤ እሱ ሳቂታ ነበር።"

ይበቃኛል ብዬ ላቆም ነበር። እጄ ግን ጥፍሯን ይዟል፤ መሄጃ የለኝም።

"ጎበዝ ናት?" አልኳት።

"ጎበዝ?" ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ፣ አባቴ፣ አፏ ውስጥ እጇን ከተተችና ጥርሶቿን አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔ የሠራሁላትን ጥርሶች! "እያቸው" አለች፤ ያለ ጥርስ ስትናገር ቃሉ ሁሉ ይለሰልሳል። "ድዱን እዪው። እውነተኛ አይመስልም? ይቺን ቀይ ጅማት የመሰለችውን መስመር እዪያት። ሐኪሙ ማን ሠራቸው ብሎ አፌን ከፍቶ አልዘጋ አለ። ልጄ ናት አልኩት። ሌላ ሰው አፌ ውስጥ እጁን ቢያስገባ እነክሰዋለሁ አልኩት።"

ያቺን መስመር እኔ ነኝ በክር የሠራኋት። ማንም እንደማያያት እያወቅኩ ነው የሠራኋት። ስሰጣት ያለችኝ "ጠበበኝ" ብቻ ነበር።

"ታዲያ ነግረዋት ያውቃሉ?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ጎበዝ እንደሆነች።"

"ምን ያደርግላታል? ታውቀው የለ እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ መንገዱን አየችና ወደ እኔ ዞረች። "አታውቀውም እንዴ?"

"እንጃ፣ እትዬ። ላታውቀው ትችላለች።"

"እንግዲያው ስትመጣ ንገሪያት።" ወዲያው እጄን ጨበጥ አድርጋ፣ "ተዪ፣ አትንገሪያት። ራሴ ነኝ የምነግራት" አለች።

ጥርሶቿን አጥቤ መለስኩላት። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ተናገረች። "ስትመጣ ግን ደክሟት ነው የምትመጣው። ፊቷ ይጠቁራል። 'እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ' እያለች ትጮኽብኛለች። ያስፈራኛል። ከአንቺ ጋር ይሻለኛል፤ አንቺ አትጮኺም።"

ይህን መስማት ከየትኛው ወገን እንደሆነ እስካሁን አልለየሁም፤ ከሚያመው ነው ወይስ ከሚያሽረው? ሁለቱም ይመስለኛል።

"ከዚህ ቤት ሌላ ቦታ ቢወስዱዎት ይከፋዎታል?" አልኳት።

"ስልክ አለው?"

"አለው።"

"እንግዲያው ምን ቸገረኝ? ልጄ ቁጥሩን ትወቅ ብቻ።"

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። እንደ ሌላው ቀን ወደ መታጠቢያ ቤት አልሮጥኩም፤ እዚያው አለቀስኩ። በሻርፗ ጫፍ ጉንጬን ጠረገችልኝ። "ሰው ናፍቆሽ ነው? ማንን ላገናኝሽ?" አለችኝ።

"እናቴን" አልኳት።

ማበጠሪያውን አንሥታ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ጀርባዋን ቀና አድርጋ፣ ልክ የሥራ ሰዓት እንደሆነ። አዳመጠች። "መስመሩ ተይዟል" አለችኝ። "ግን እንዳትዘጊው። እሷም አንቺን እየፈለገች ሊሆን ይችላል።"

አባቴ፣ ሌላ የምጽፈው የለኝም። ስለ ጠየቁኝ፣ ደጋግመው ስለ ለመኑኝ እግዜር ይስጥልኝ። ምን እንደተሰማዎት ይጻፉልኝ።

ጥርስ ሠሪዋ

*

ጥር 8

ይድረስ ለአባቴ፤ በጣም ተቀይሜዎታለሁ፣

ደብዳቤዎ ሲቀርብኝ፣ እንዲያ ያለ ነገር ጽፌልዎት መልስ ሲጠፋ፣ አንድ ነገር ቢኖር ነው ብዬ ገዳሙ ድረስ ደወልኩ። የበሩ አባት ናቸው ያነሡት። "ጫማ ሰፊው አባት እንዴት ናቸው?" አልኳቸው። "ከሁለተኛው ቀዶ ጥገና በኋላ ደህና እየሆነ ነው" አሉኝ። ከሁለተኛው! የመጀመሪያውን ማን ነገረኝ?

"ትንሽ አሞኝ ነበር" ማለት ሆድን በሐኪም ቢላዋ መቀደድ ማለት ነው? ያን ሁሉ ምክር የጻፉልኝ ስፌቱ ሳይደርቅ ነበር! "እሱን ተዪው" ይላሉ። እኔ ቅናቴን ሳይቀር እንዳመጣ ለምነውኝ፣ እርስዎ ሕመምዎን ደበቁኝ። ጓደኝነት በአንድ በኩል ብቻ የሚሄድ መንገድ ነው እንዴ? ወይስ መነኩሴ ሲታመም ለጥርስ ሠሪ አይነገርም? ስብከት የሚገባዎት እርስዎ ነዎት። አሁን ጊዜ ስለሌለኝ ነው የተውኩዎት።

ቅያሜዬ ሳያስረሳኝ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎት። እሺ አልኩ። ወንድሜ ያገኘው ቤት ግን ሩቅ ነበር፤ ራሴ ፈልጌ ከምሠራበት የጥርስ ላቦራቶሪ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለ ቤት አገኘሁ። ግቢው ጠባብ ነው፤ ግን ክፍሏ መስኮት አለው። ወንድሜ መጣና እቃዋን አብረን አስገባን። መጋረጃውን እሱ ሰቀለ፤ አንዱን ወገን አስረዝሞ፣ አንዱን አሳጥሮ። ሳቅንበት። እማዬም ሳቀች፤ በምን እንደምንስቅ አታውቅም።

የመጀመሪያው ቀን ጥያት ስወጣ እግሬ አልሄድ አለኝ። መንገዱን ተሻግሬ ተመለስኩ፤ እንደገና ተሻገርኩ። ዘበኛው "እህት፣ የረሳሽው ነገር አለ?" አለኝ። ባዶ ቤት ገብቼ ተኛሁ። ቅለት ይመጣል ብዬ የፈራሁት፣ መጣ፤ ከቅለቱ ጋር ግን ናፍቆት መጣ። እንደዚያ ናፍቃኝ አታውቅም።

አሁን በምሳ ሰዓት እሄዳለሁ፤ ከሥራ ስወጣም እሄዳለሁ። እጄ ላይ ጄሶ ደርቆ ስታይ "ምን ስትለስኚ ነው የዋልሽው?" ትለኛለች። እትዬ እላታለሁ። "እኔ ነኝ" ማለት ትቻለሁ። አንዳንዴ ያምረኛል፤ ግን እውጠዋለሁ። አትፈራኝም። አንዳንዴ የሰው ሐሜት ሁሉ ስትነግረኝ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ከእናቴ ጋር ሆዴን ይዤ ስቄ አላውቅም ነበር፣ አባቴ።

እንግዲህ ለምርመራ ወደ ከተማ እንደሚመጡ የበሩ አባት ነግረውኛል። ቀኑንም ነግረውኛል፤ ስለዚህ መደበቅ አይቻልም። ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። መጀመሪያ ሐኪሞቹ እርስዎን ያዩዎታል፤ ከዚያ እኔ ያን የታችኛውን ጥርስ አያለሁ፤ ከዚያ እናቴን እናያለን። ይቅርታ የማደርግልዎ ከዚያ በኋላ ነው።

ጥርስ ሠሪዋ

*

የካቲት 5

ለምወድሽ ልጄ፣

በሰላም ገብቻለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ያስያዝሽኝ ትራስ ከእኔ ጋር መጥቷል፤ እንድመልሰው ከፈለግሽ ራስሽ መጥተሽ ውሰጂው። ሐኪሙ ያለውን አንቺም ሰምተሻል፤ የሚቀር ነገር የለም፤ የደበቅኩሽም ነገር የለም። ከእንግዲህ ጉንፋን ሲይዘኝ እንኳን እጽፍልሻለሁ፤ እስክትሰለቺ ድረስ እጽፍልሻለሁ። የነገርሽኝ ነገር ልክ ነው። ሕመሜን የደበቅኩት ላንቺ አዝኜ መስሎኝ ነበር። አስቤ ሳየው ግን፣ ሰውን ስረዳ መታየትን እንጂ በሰው መረዳትን አልለመድኩም። በዚህ ዕድሜ አንቺ አስተማርሽኝ። ይቅርታ።

እናትሽን በማየቴ ደስ ብሎኛል። ጫማዬን አይተው "አባ፣ ሶልዎ አልቋል፤ ጫማ ሰፊ የላችሁም?" ሲሉኝ አንቺ ስትስቂ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየሽ። እኔ ደግሞ በሐፍረት ጫማዬን ከአልጋው ሥር ደበቅኩ። ስትስቂ ያን ቀን ነው ያየሁሽ፤ በደብዳቤ ብቻ ነበር የማውቀው።

ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ፤ ቃሌን ከሰጠሁሽ ወዲህ ደግሞ ማቆየት አልችልም። ሻይ ልታመጪልን የወጣሽ ጊዜ እናትሽ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ። በሩን ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"አባ፣ ያቺ ሴት ማን ናት?" አሉኝ።

"ማን ትመስልዎታለች?" አልኳቸው።

"እንጃ። አንድ ቀን ጠይቄያት ነግራኛለች፤ ረሳሁት። ደግሜ ብጠይቃት ይከፋታል ብዬ ፈራሁ።"

"አይከፋትም" አልኳቸው።

"ይከፋታል። እኔ አውቃለሁ፤ ሆደ ባሻ ናት" አሉኝ። ጣታቸውን ጭናቸው ላይ አፍተለተሉ። "ሌሎቹ ሲገቡ ሲወጡ ልብ አልላቸውም። እሷ ስትወጣ ግን በሩን ሳይ እቆያለሁ። እራት ያመጡልኛል፣ በሩን ሳይ ይቀዘቅዛል። ዘመዴ ትሁን፣ ማን ትሁን አላውቅም፤ ግን እሷ ስትቀመጥ ቤቴ ያለሁ ይመስለኛል።"

ከኮሪደሩ የብርጭቆሽ ድምፅ ተሰማ። እናትሽ እጅጌዬን ያዙኝ።

"እንዳትቀር ይንገሩልኝ፣ አባ። እኔ ብነግራት ትኮራብኛለች" አሉኝ።

ወዲያው በሩን በክርንሽ ገፍተሽ ገባሽ፤ ትሪውን ይዘሽ፣ "ማንን ነው የምታሙት?" እያልሽ። እናትሽ "ማንንም" አሉና ቦታ ለቀቁልሽ። ያን ሰዓት እሳቸው ፊት አልነገርኩሽም፤ ሻዬን ጠጣሁ።

ይኸው ነገርኩሽ።

ጓደኛሽ